ሁለት ዓይን ያለው ሰይጣን

ሰኞ፣ መጋቢት 24 ቀን 2010

ዛሬም እንደ ትናንቱ። አሥራ አንድ ሚሞሪ ጫንኩ። ዘጠኙ መዝሙር፣ አንዱ ስብከት፣ አንዱ «ከሁሉም ትንሽ ትንሽ»። ሰሙነ ሕማማት ነዋ... ሰው ዘፈኑን አስጠፍቶ መዝሙር ያስሞላል። ከፋሲካ ማግስት ተመልሶ ይመጣና ያንኑ ዘፈን አምጣ ይላል። የሱቁ ባለቤት ምናለ ይህን «ወቅታዊ ሥራ» ይለዋል። እኔ ንስሐ መስሎኝ ነበር።

አራት ቀን ቀረው። ዓርብ «የጨው ቤት» ይጀምራል።

ምናለ ዛሬም ጠየቀኝ። «ይሄ ማንጋ የምትለው ካርቱን አይደል?» ስንቴ ልንገረው? ማንጋ ጃፓኖች ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የሚስሉት ታሪክ ነው። አኒሜ ደግሞ ያንን ታሪክ አንቀሳቅሰው፣ ቀለም ቀብተው፣ ዘፈን ጨምረው የሚያበላሹበት ዘዴ ነው። ሁልጊዜ አያበላሹትም። አንዳንዴ ተሳስተው ደህና ይሠሩታል።

«የጨው ቤት»ን ግን ምኑን ያበላሹታል? ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ አንድ መንደር። አንድ የጨው መጋዘን። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የቆመች አንዲት ሴት። ሰባት ቅጽ ሙሉ ጀርባዋን ብቻ ነው የምናየው። ፊቷን ያዩት ሰዎች ምን እንዳዩ አይነግሩንም፤ ጨው ሆነዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ማርቆስ መሐል ከተማ፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳነብ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠግቻለሁ።

ዓምና በሰው ተዋናይ ፊልም ሠርተውለት ነበር። ለሴትዮዋ ዊግ አጠለቁላት። ዊጉ ሲንሸራተት ይታያል። ስለሱ ፊልም አላወራም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 26

መሲ ሳቀችብኝ። ከጎናችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። ማርቆስ ውስጥ ከኔ ሌላ አስፈሪ አኒሜ የምታይ ሰው እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

«ዓርብ ምን እንደሆነ አውቀሃል?»

«የሚጀምርበት ቀን።»

«ስቅለት ነው፣ አንተ የመሪጌታ ልጅ።»

ረስቼው ነበር... አባባ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ጃፓኖቹስ ቢሆኑ፣ ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጠው መርጠው አጋንንት የሚለቁት በስቅለት?

ዓርብ፣ መጋቢት 28

ሰገድኩ። ስልኬ ተዘግቶ ዋለ። ጉልበቴ የለም። ሐሳቤ የት እንደዋለ ግን እዚህ አልጽፈውም።

እሑድ፣ መጋቢት 30፣ አምበር

ፋሲካ፣ አባባ ቤት። ዶሮው ጥሩ ነበር። ሌላው ጥሩ አይደለም።

አባባ ደህና ነኝ ይላሉ። መሪጌታ እንዳላማው፣ ዲማ ተምረው፣ አርባ ዓመት ብራና ላይ መጽሐፍ ሲጽፉ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ የሰላምታ እጃቸውን ለበሩ መቃን ዘረጉለት። እኔ የቆምኩት አጠገቡ ነበር። «ይህን በር ማን ዘጋው?» ብለው አለፉ። እኔም አልሰማሁም፣ እሳቸውም አልተሳሳቱም።

እህቴ ዘመናይ ከምሳ በኋላ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ አባባን የምትጠብቀው እሷ ናት። መጽሐፉን አወጣችው። ከይጁቤ ወዲያ ያለ አንድ የገጠር ሚካኤል ያዘዛቸው ነው፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚነበብ። ሦስት ዓመት ሠርተውታል። ለሰኔ ሚካኤል ይረከባሉ ተብሏል። አባባ «ከዚህ በኋላ አልጽፍም፣ የመጨረሻዬ ነው» ካሉ ቆይተዋል።

«የመጨረሻዎቹን ገጾች እያቸው» አለችኝ።

አየኋቸው። አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ ወረድ ብሎ... ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስም ነው። ይህን በስድስት ዓመቴ ነው የተማርኩት። አባባ የሰይጣንን ስም በቀይ ጽፈውታል።

ዘመናይ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ብራናውን ገለባበጥኩ። የጥቁሩንና የቀዩን ቀለም ቀንድ መለየት አቅቷቸዋል። ለማንም አልነገሩም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 2

አየሁት። የመጀመሪያውን ክፍል።

ፊቷን አሳዩ።

በሦስተኛው ደቂቃ! ሰባት ቅጽ የተደበቀውን ፊት ገና መክፈቻው ዘፈን ላይ አወጡት። ደግሞም ትጨፍራለች። ጨው ሆነው የቀሩት ሰዎች ፈንዲሻ ይመስላሉ። ጠጉሯ ሐምራዊ ሆኗል። ያ ሁሉ ጥቁር መስመር፣ ማንጋውን የሳለው ሰውዬ አንድ ገጽ ላይ አንድ ሺህ ጊዜ እጁን ያመላለሰበት ጥላ፣ በሳሙና ታጥቦ የተሰጣ ልብስ መስሏል። ስትሄድ የጋሪ ፈረስ ነው የምትመስለው። ፊት ለፊት እያየችኝ ምንም አልተሰማኝም። አዛጋሁ።

መሲ «ምናልባት ሁለተኛው ክፍል...» አለች። መልካም ሰው ናት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 13

ሦስተኛውን ክፍል አየን። የምትናገር ድመት ጨምረዋል። ማንጋው ላይ ድመት የለም። ድመቷ ትቀልዳለች።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ዘመናይ ደወለች። ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ማርቆስ ሆስፒታል ይመጣሉ፣ ግንቦት 14። የዓይን ሞራ ነው የሚገፉት። ጤና ጣቢያው አባባን አይቶ «ይሄ የሚድን ነው» ብሏል። አባባ ግን አሻፈረኝ አሉ።

«መጽሐፉ ሳያልቅ ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም። ቢበላሽብኝስ ማን ይጨርሰዋል?»

ማን ይጨርሰዋል... ጥያቄው ለማን እንደሆነ ገብቶኛል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አጠገባቸው ተቀምጬ መቃ ብዕር ስቀርጽ፣ መስመር ሳሰምር፣ ለገጹ ጌጥ ሐረግ ስስል ነው ያደግሁት። እጄ ጥሩ ነበር። ከዚያ ሸሽቼ ማርቆስ ገባሁ። ሚሞሪ ልጭን።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 22፣ አምበር

ተስማማን። የቀረውን ጽሑፍና አንዱን ሥዕል እኔ እጨርሳለሁ፤ እሳቸው ግንቦት 14 ሆስፒታል ይገባሉ። አባባ እንዲህ ቀላል ሰው አይደሉም። ፈርተዋል ማለት ነው።

ምናለን ሰኞና ማክሰኞ ፍቀድልኝ አልኩት። «ቅዳሜና እሑድ አትሄድም ወይ?» ይለኛል። ቅዳሜ ሰንበት ነው። እሑድ ሰንበት ነው። በልደታ አይሠራም፣ በአቦ አይሠራም፣ በሥላሴ አይሠራም። ሰይጣን የሚሳልበት ባዶ ቀን በስንት ፍለጋ ነው የሚገኘው።

ጻፍኩ። የተደገመውን መስመርና በቀይ የተጻፈውን ስም ፍቄ አስተካከልኩ። እጄ አልረሳም። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ብዕሩ ብራናው ላይ ሲሄድ ያዳምጣሉ። «ቀለሙ በዝቷል፣ አራግፈው» አሉ አንዴ። ልክ ነበሩ። በጆሮ ነው ያወቁት።

የሥዕሉንም ነገሩኝ። «መልአኩ ሰይፉን ይዟል። ከእግሩ ሥር ያ ክፉ አለ። በአንድ ዓይን። ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ጻድቅ ከፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ በጎን ይሳላል፣ ዓይኑ አንድ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «አንባቢውን እንዲያይ አይፈቀድለትማ» ነበር ያሉኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 27

አምስተኛ ክፍል። የጨው ቤቱ ሴትዮ አለቀሰች። ለምን እንደከፋች ታሪኳን ለድመቷ ነገረቻት። እናቷ ስላልወደደቻት ነው አሉ።

መሲ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች፤ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። «የሺዋስ፣ ሥዕል እኮ ነው» አለች። አይደለም። አንድ ሰው እጁ እስኪደነዝዝ የሠራውን ሌላው ሲገለብጠው ትንሽ አያፍርም? እንዳለ መገልበጥ ይሄን ያህል ከባድ ነው? የጨመረ የቀነሰ የተወገዘ ይሁን የሚል መጽሐፍ አላዩም?

አስፈሪ ነገር እንዴት እንደሚሳል ማንም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 6፣ አምበር

ዛሬ ሳልኩት።

መልአኩን አባባ እንዳሉት አደረግሁ። ከእግሩ ሥር ስደርስ ግን... በጎን፣ ባንድ ዓይን፣ አፉን ከፍቶ የሚለምን ሰይጣን? ያን የሚፈራ ማነው? በግ የሚጠብቅ ውሻ ነው የሚመስለው። ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩት። መስመር በመስመር፣ በጥቁር ብቻ፣ «የጨው ቤት»ን የሳለው ሰውዬ እንደሚያደርገው ጥላውን አንድ ሺህ ጊዜ እየተመላለስኩ። ከዚያ ዓይኖቹን። ሁለቱንም። ሰፊ፣ ሽፋሽፍት የሌላቸው፣ መሐላቸው ላይ ነጥብ።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብኝ። በሕይወቴ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም።

ዘመናይ ውኃ ይዛ ገባች፣ አየችው፣ ነጠላዋን አውልቃ ጣለችበት። «አየኝ» አለች። «ምን አባክ ነው የሳልከው? አየኝ እኮ።»

ደስ አለኝ። በጣም። አባባ ከደጅ «አለቀ?» አሉ። «አለቀ» አልኩ። «በአንድ ዓይን?» አላሉም። ቢሉ ምን እመልስ ነበር?

ረቡዕ፣ ግንቦት 8፣ አምበር

የሚካኤሉ ገበዝ ቄስ ወልደ ሚካኤል ሥራው ከምን ደረሰ ብለው ከይጁቤ መጡ። አባባ ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን ቀየሩ። መጽሐፉን ራሳቸው ተሸክመው አወጡላቸው።

ቄሱ ገልጠው አነበቡ። ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «እሰይ፣ እሰይ» እያሉ። ሥዕሉ ጋ ደረሱ። ጥርቅም አድርገው ዘጉት። አማተቡ።

«መሪጌታ፣ ይህን የሳለው ማነው?»

አባባ ወደ ድምፁ ዞረው፣ ወደ ቄሱ ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራ፣ «እኔ ነኝ። ምነው?» አሉ።

ቄስ ወልደ ሚካኤል አባባን አዩአቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዝነው ነው የተናገሩት። «እንግዲህ ዕድሜም አለ... ሦስት ዓመት ጠበቅንዎ። ይህ ግን ሕፃን አዋቂው የሚሳለመው መጽሐፍ ነው። መቅደስ አይገባም። ዲማ ልከን ሌላ ጸሐፊ እንጠይቃለን።»

የቀረበውን ሳይቀምሱ ሄዱ።

እኔ ዝም አልኩ። ይህን ጻፈው፣ የሺዋስ። አጠገባቸው ቆመህ ዝም አልክ። ቄሱ በር ላይ ሲደርሱም ጊዜ ነበረህ። ዝም አልክ።

አባባ «ዘመናይ፣ ለወንድምሽ ምሳ አቅርቢለት» ብቻ ነው ያሉት።

ዘመናይ ሳህኑን ፊቴ ላይ አስቀምጣ፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። ስለ ጃፓኖቹ ስሳደብ ስትሰማ ነው የከረመችው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ልንገራቸው? አሁን ብነግራቸው ይናደዱና ሆስፒታል አልገባም ይላሉ። ስለዚህ ለዓይናቸው ብዬ ነው የማልነግራቸው። ጥሩ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ ሠራሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ሰባተኛውን ክፍል መሲ ብቻዋን አየችው። እንዴት ነው አልኳት። «ድመቷ ሞተች» አለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14

ገቡ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ከዚያ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ወጡ። ሌላው ለሚቀጥለው ዘመቻ ነው። ግቢው በሙሉ አንድ ዓይናቸው የታሸገ ሽማግሌዎች ተቀምጠውበት... ሥዕል ነው የመሰለኝ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አፈርኩ።

ነገ ይፈታል። ነገ ያያሉ። ዓይናቸው እንዲድን እየጸለይኩ ነው። እንዳያዩም እየጸለይኩ ነው። ሚካኤል የቱን ይስማ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 15

ተፈታ።

አባባ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ። ነርሷ ጣት አሳየቻቸው። «ሦስት» አሉ። «ጥፍርሽን ቀይ ቀብተሽዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቀጥ ብለው ወደ እኔ። ሁለት ዓመት እንዲህ አላዩኝም።

«ከስተሃል» አሉኝ።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ልትጠይቃቸው የመጣችው መሲ ሶፍት ሰጠችኝ። ስመለስ የጠየቁት የመጀመሪያው ነገር «መጽሐፉስ?» ነበር። «አምበር ነው» አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 18

ሐኪሙ አያጎንብሱ፣ አቧራ አይንካዎት ስላሏቸው እኔ ኪራይ ቤት ናቸው። ሰልችቷቸዋል። የግድግዳውን ካላንደር፣ የዘይቱን ጀሪካን፣ የሸሚዜን ጽሑፍ ሁሉ አንብበው ጨረሱ። ጠዋት «ያንን የምትራገመውን ነገር እስቲ አሳየኝ» አሉ።

መጀመሪያ ማንጋውን በስልክ ሰጠኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው ጠጋ፣ ራቅ እያደረጉ አንድ ሰዓት ተኩል አዩት። የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ ግድ አላላቸውም።

«እጁ ጥሩ ነው። መስመሩ አይንቀጠቀጥም። ይቺ የሎጥ ሚስት ናት?»

«አይደለችም አባባ።»

«ናት። እሱ ስሟን አልሰማም እንጂ።»

ከዚያ አኒሜውን ከፈትኩላቸው። ዘፈኑ አለቀ፣ ፊቷ መጣ፣ ፈንዲሻው ሰው መጣ። አራት ደቂቃ ታገሡ። ስልኩን መለሱልኝ።

«ዕውር እያለሁ ይሻለኝ ነበር።»

እንደዚህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መጠየቅ ጀመሩ። ይሄ ከዚያ ነው የተገለበጠው? ማን አረመው? የጻፈው ሰውዬ በሕይወት የለም? አለ? ታዲያ ሳያርመው ለሕዝብ ሰጡት? ጸሐፊ የጻፈውን ለመምህሩ ያስነብባል፣ መምህሩ የሳተውን ያሳየዋል፣ እሱ ይፍቃል፣ እንደገና ይጽፋል። አራሚ የሌለው መጽሐፍ ለብራና ጸሐፊ ያልተጠመቀ ልጅ ነው።

«ፊቷንስ ለምን አሳዩ?»

«ሰው እንዲፈራ ብለው ይመስለኛል።»

«ያየኸውን አትፈራውም» አሉ። «ይለመዳል። የሚያስፈራህ ያላየኸው ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈራ ከርሜያለሁ።»

ፈርቻለሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ዝም ብዬ ልቀመጥ አስቤ ነበር... አልቻልኩም።

«አባባ፣ ሥዕሉን...»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎ? ዘመናይ?»

«ቄሱ መጽሐፉን ሲዘጋው ሰማሁት። በአንድ ዓይን ለተሳለ ሰይጣን መጽሐፍ እንደዚያ አይዘጋም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«ሰውዬው ጠየቀ። አንድ ሰው መመለስ ነበረበት። አንተ ዝም አልክ።»

ሻይ ጠየቁ። አፈላሁላቸው። ስኳር ሳልጨምር ሰጥቻቸው፣ ሳይናገሩ ጠጡት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 22፣ አምበር

አዩት።

መጽሐፉን በር ላይ፣ ብርሃኑ ጋ አወጣሁት። አባባ ገለጡ። እኔ ቆሜ፣ ዘመናይ ቆማ፣ እሱ ደግሞ በሁለት ዓይኑ እያየን።

«ቀለሙ አልፈሰሰም» አሉ። «ጥላውን በደንብ ነው ያወጣኸው። እኔ እንዲህ አልችልም።»

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

«ማንን ነው የሚያየው?» አሉ ቀጥለው።

«አንባቢውን።»

«ባሏን ያጣች ሴት መጥታ ልትሳለመው ጎንበስ ስትል?»

«እሷን።»

«ፈቀድክለት?»

አስፈሪ ነገር እሠራለሁ አልኩ እንጂ ማን ፊት እንደሚገለጥ አላሰብኩም። ድመት የጨመሩትም አላሰቡም። ልዩነቴ የቱ ጋ ነው? የነሱ አስቂኝ ሆነ፣ የኔ ደግሞ አባቴን አዋረደ። ስለ መገልበጥ ያ ሁሉ ንግግር... የታዘዝኩት አንድ ዓይን ነበር።

ቢላዋን ሰጡኝ። «ፋቀው» አሉ። ብራና ይፋቃል፤ ግን ከቆዳው ጋር ነው። ትንሽ ቢበዛ ይበሳል፣ ከተበሳ ገጹ አለቀ፣ በጀርባው ያለው የእሳቸው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። የሁለት ዓመት ጭጋግ ሳይጋርዳቸው የጻፉት፣ ቀጥ ያለው።

ግማሽ ቀን ፋቅሁ። እስትንፋሴን ይዤ። አባባ አልነኩትም፤ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ቀስ» ይላሉ። «እዚያ ጋ ሳስቷል፣ ተው። ወደ ጆሮው ሂድ።» እያዩ ነው። እያዩ ሲያስተምሩኝ ስንት ዓመቱ? ጠጉሬ ላይ የብራና ብናኝ ሲያርፍ በእጃቸው አራገፉልኝ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ጎን መለስኩት። አንድ ዓይን። ከገጹ ውጭ፣ ወደ በሩ በኩል የሚያይ።

ዘመናይን ጠራናት። ከሩቅ ነው ያየችው። ቀረበች። ከዚያ ዞር ብላ ወደ በሩ አየች።

«ማን አለ እዚያ?» አለች።

አባባ ጺማቸውን ያዙ። ሳቅ ሲመጣባቸው ነው እንዲህ የሚያደርጉት።

ሰኞ፣ ሰኔ 4

ይጁቤ ሄድኩ። መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ብቻዬን። አባባ ልምጣ አሉ፤ አይምጡ አልኳቸው።

ቄስ ወልደ ሚካኤልን ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘኋቸው። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ያን ሥዕል የሳልኩት እኔ ነኝ። አባቴ አላዩትም። ዓይናቸው ታሞ ነበር። በአንድ ዓይን ሣል ብለውኝ ነበር።»

«ያን ቀን ምላስህ የት ነበር?»

«አፌ ውስጥ።»

ገልጠው አዩት። ብርሃን ላይ ያዙት፤ የተፋቀው ሳስቶ ይታያል። ዲማ የላኩት ሰው ተመልሶ «ሁለት ዓመት ይፈጃል» እንዳላቸው አልነገሩኝም፤ ዲያቆኑ ነው ሹክ ያለኝ። ቄሱ መጽሐፉን በቀስታ ዘጉት። በቀስታ ነው የዘጉት፣ ሰማሁት።

«አባትህ የመጨረሻውን ገጽ ይጻፉ፣ ከዚያ አምጡት» አሉ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6፣ አምበር

የመጨረሻው ገጽ የጸሐፊው ስም የሚገባበት ነው። አባባ ብዕሩን አልያዙም። «ጻፍ» ብለው ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አቆምኩ። «ይሄ ይቅር» አልኩ። «የነገርኩህን አትቀንስ» አሉ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 13፣ አምበር

ትናንት የሰኔ ሚካኤል ነበር። አባባ በአዲሱ ዓይናቸው ነጭ ለብሰው ፊት ቆሙ። ሰው ሁሉ መጥቶ ትከሻቸውን ሳማቸው። ያን ዕለት «ዕድሜም አለ» ያሉት ቄስ ከጎናቸው ቆመው ነው ያነበቡት።

እስከ መጨረሻው አነበቡ። የስሙ ገጽ ጋ ሲደርሱ፣ ግእዝ የማይሰማው እንዲሰማ ብለው በአማርኛም ተረጎሙት። «ጸሐፊው እንዳላማው ነው። የሳተውም፣ የሳተውን የፋቀውም ልጁ የሺዋስ ነው። ስለ ሁለቱም ጸልዩ።»

ሕዝቡ ዞረ። የሺዋስ የትኛው ነው? ያ ነው። ያ ቀጭኑ።

«የጨው ቤት»ን ያበላሹት ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። የነሱ ጥፋት አሥራ ሁለት ሳምንት ታይቶ ያልቃል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ያበላሻሉ፣ ይረሳላቸዋል። የኔ ብራና ላይ ነው። ከአይጥና ከዝናብ ከተጠበቀ አምስት መቶ ዓመት ይቆያል ይላሉ አባባ፤ ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ይነበባል። አሰላሁት፤ ስድስት ሺህ ጊዜ መሳቴ ይነገራል።

የመጨረሻው ክፍል ዓርብ ይወጣል። መሲ አብረን እንየው አለችኝ። ዓርብ ማርቆስ አልደርስም። ለምናለ ነግሬዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምሠራለት። እዚሁ ከአምበር የመጣ ሌላ የመጽሐፍ ትእዛዝ አለ፤ የአባባ ሁለተኛው ዓይን እስኪገፋ ድረስ እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ። ትናንት ማታ ከራት በፊት «የመጨረሻዬ ነው ብለው አልነበር?» አልኳቸው። «የኔ ነው ያልኩት» አሉ።

ለዘመናይ እፍረቴን ነገርኳት። ሲነበብ አንገቴን እንደደፋሁ፣ ምድር ብትውጠኝ እንደተመኘሁ።

«ውሸታም» አለችኝ። «አይቼሃለሁ። ስምህ ሲጠራ ቀና ብለህ ነበር።»